ሰርቲፋይድ ብለው የሸጡልኝ መኪና ተበላሸች፣ ዲለሩ «ዋራንቲሽ አልቋል» አለኝ፤ ምን ላድርግ?

የሌሊት ሽፍት (ሜሪላንድ)፣ ሰኞ ማታ

ሰላም ለሁላችሁም። ረጅም ስለሆነ ይቅርታ፣ ግን ከመጀመሪያው ካልነገርኳችሁ አይገባችሁም።

የዛሬ 14 ወር አንድ ዲለር ጋ ሄጄ የ2021 ሞዴል ሴዳን ገዛሁ። 46,000 ማይል የተነዳች ነበረች። መስታወቷ ላይ «ሰርቲፋይድ» (ተፈትሻ የተረጋገጠች) የሚል ትልቅ ወረቀት ተለጥፏል። እዚያው ሰፈር ሌላ ሻጭ ተመሳሳይዋን መኪና 2,000 ዶላር ገደማ ቀንሶ ይሸጥ ነበር። ልዩነቱን የከፈልኩት ለዚያ ወረቀት ነው። ሆስፒታል የሌሊት ተረኛ ነኝ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ብቻዬን ሃይዌይ ዳር መቆም አልፈልግም። ሴልስማኑ «ችግር ከመጣ አምጪያት፣ ሁሉም ተሸፍኗል» አለኝ። አመንኩት።

ባለፈው ሐሙስ ከሥራ ስመለስ የሙቀት መብራቱ በራ። ጣፋጭ ጣፋጭ የሚል ሽታም ሸተተኝ። ወዲያው ዳር ይዤ አጠፋኋት። አስጎትቼ ዲለሩ ጋ አስገባኋት። አርብ ዕለት ሰርቪስ አድቫይዘሩ ደወለ። ዋተር ፓምፑ ያፈሳል፣ 1,740 ዶላር ያስፈልጋል አለኝ። «ሰርቲፋይድ ናት እኮ» ስለው ሁለት መልስ ሰጠኝ። አንደኛ፣ የሰርቲፋይድ ዋስትናሽ 12 ወር ወይም 12,000 ማይል ነበር፣ አልቋል። አሁን 63,000 ገብታለች። ሁለተኛ፣ ባያልቅም ኖሮ ዘይት የምትቀይሪው እኛ ጋ ስላልሆነ ዋራንቲው ተበላሽቷል። እውነት ነው፣ ዘይት የማስቀይረው ሰፈራችን ያለ የሐበሻ ጋራዥ ነው። በዚያ ላይ ለምርመራ 189 ዶላር ካልከፈልሽ መኪናዋን አንለቅም አሉኝ።

ጉዳዩ ስላላለቀ የዲለሩንም የመኪናዋንም ስም አልጽፍም። የወር ክፍያዬ 412 ዶላር ነው። መብት ካለኝ ንገሩኝ። ከሌለኝም ንገሩኝና ልክፈል።

የአርሊንግተኑ

እህቴ፣ ገና አትክፈዪ። ምንም ወረቀት ላይም አትፈርሚ።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንለይ። ሰርቲፋይድ ያደረጋት ማን ነው? ፋብሪካው ነው ወይስ ዲለሩ ራሱ? ቃሉ አንድ ነው፣ ነገሩ ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። ፋብሪካው ያረጋገጣት ከሆነች ዋስትናውን የሰጠሽ ፋብሪካው ነው። ያንን ብራንድ የሚሸጥ የትኛውም ዲለር፣ በየትኛውም ስቴት ቢሆን፣ ሊሠራልሽ ይችላል። ከሸጠልሽ ሰው ጋር ሙጭጭ ማለት የለብሽም። ዲለሩ በራሱ «ሰርቲፋይድ» ብሏት ከሆነ ግን በእጅሽ ያለው ወይ የዲለሩ የራሱ ወረቀት ነው፣ ወይ ከሌላ ኩባንያ የተገዛ የሰርቪስ ውል (ጥገና ለመሸፈን ለብቻው የሚሸጥ ውል) ነው።

ሁለተኛ፣ ስትገዢ መስኮቷ ላይ «በያርስ ጋይድ» የሚባል ቅጽ ነበር። ያገለገለ መኪና ዲለሮች እንዲለጥፉት ከ1985 ጀምሮ የፌዴራል ደንብ ያስገድዳል። ቅጂው የውሉ አካል ነው። ውሉ አንድ ነገር፣ ቅጹ ሌላ ነገር ቢል የሚጸናው ቅጹ ነው። እሱን ፈልጊና ምልክቱ የቱ ሳጥን ላይ እንዳለ ጻፊልን። «ዋራንቲ» የሚለው ላይ ነው ወይስ «አዝ ኢዝ» (ባለችበት ሁኔታ፣ ያለ ዋስትና) የሚለው ላይ?

ቆራጡ

እነዚህ ሰዎች የኛን ዓይነት ሰው ሲያዩ አይከራከርም ብለው ነው። እንግሊዝኛችን ትንሽ ከተደነቃቀፈ አለቀልን። እኔ ብሆን ቁልፉን ጠረጴዛቸው ላይ ጥዬ እወጣ ነበር። የወር ክፍያውንም አቁሚ። ባንኩ ራሱ ይጠይቃቸው።

ብድር ክፍል

ወንድሜ ቆራጡ፣ ንዴትህ ይገባኛል። ግን «ክፍያ አቁሚ» የሚለውን እባክሽ እህቴ እንዳትሰሚ። የመኪና ብድር ክፍል ውስጥ 9 ዓመት ሠርቻለሁ። ባንኩ ከዲለሩ ጋር ያለሽን ጠብ አያይም። የሚያየው ያልገባ ክፍያ ነው። መጀመሪያ ክሬዲትሽ ይበላሻል። ከዚያ ሌሊት መጥተው ይጎትቷታል። መኪናዋ ከእጅሽ ከወጣች በኋላ ስለ ዋተር ፓምፕ ማን ይሰማሻል?

አንድ ነገር ግን አለ። ብድሩን ያመቻቸልሽ ዲለሩ ከሆነ ውልሽ ውስጥ በትልልቅ ፊደል የተጻፈ ማሳሰቢያ ታገኛለሽ። በሻጩ ላይ ያለሽን አቤቱታ ብድሩን በያዘው ላይም ማንሳት ትችያለሽ ይላል። ትልቅ መብት ነው። ነገሩ ከከፋ ጠበቃ ይጠቀምበታል። በራስሽ ጊዜ ክፍያ ለማቆም ግን ፈቃድ አይደለም።

የሌሊት ሽፍት፣ ማክሰኞ ጠዋት

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከሥራ እንደገባሁ ሳልተኛ ወረቀቱን ፈለግኩ። የልጄ የትምህርት ቤት ወረቀት የሚቀመጥበት መሳቢያ ሥር ነበር።

በያርስ ጋይዱ ላይ ምልክቱ «ዋራንቲ» የሚለው ሳጥን ላይ ነው። ከእሱ ጋር አንድ ቀጭን መጽሐፍ አለ። ላዩ ላይ ያለው የፋብሪካው ስም ነው፣ የዲለሩ አይደለም። የመጀመሪያው ገጽ አድቫይዘሩ እንዳለው 12 ወር ወይም 12,000 ማይል ይላል። ገለጥ ሳደርገው ግን ሌላ ሰንጠረዥ አለ። «ፓወርትሬይን፦ 7 ዓመት ወይም 100,000 ማይል» ይላል። እጄ ነው የተንቀጠቀጠው። ይህን አልነገረኝም።

ግን ፓወርትሬይን ማለት ሞተርና ካምቢዮ ብቻ አይደለም እንዴ? ዋተር ፓምፕ ውስጡ ይገባል?

ጋራዥ 30 ዓመት

ልጄ፣ እኔ አዲስ አበባ ጀምሬ እዚህ አገር የቀጠልኩ መካኒክ ነኝ። አምስት ዓመት ዲለር ውስጥም ሠርቻለሁ። ስለዚህ ረጋ ብለሽ አንብቢኝ።

ዋተር ፓምፕ በብዙ ፋብሪካዎች የፓወርትሬይን ዝርዝር ውስጥ ይገባል። ግን «በብዙ» የሚለው ላንቺ አይበቃሽም። መጽሐፉ ውስጥ «የሚሸፈኑ ክፍሎች» የሚል ገጽ አለ። ሞተር በሚለው ሥር ስሙን ፈልጊ። ካገኘሽው በስልክሽ ፎቶ አንሺው። ከአሁን በኋላ የትም ስትሄጂ የምታሳዪው ያንን ገጽ ነው።

ሰባቱ ዓመት የሚቆጠረው አንቺ ከገዛሽበት ቀን አይደለም። መኪናዋ አዲስ ሆና ለመጀመሪያ ሰው ከተሸጠችበት ወይም አገልግሎት ከጀመረችበት ቀን ነው። ቶዮታም ሆነ ሆንዳ ሰርቲፋይድ ላሏቸው መኪናዎች የሚሰጡት 7 ዓመት ወይም 100,000 ማይል የሚቆጠረው እንዲህ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ያንቺ የ2021 ስለሆነች፣ ማይሏም 63,000 ስለሆነ በሁለቱም በኩል ውስጥ ነሽ። 12 ወሩ ለሌላው ዕቃ ነው፤ ለመስኮት ሞተር፣ ለሬዲዮ፣ ለኤሲ እና ለመሳሰሉት። አንዱ አለቀ ማለት ሌላው አለቀ ማለት አይደለም። አድቫይዘሩ ይህን ሳያውቅ ቀርቶም ሊሆን ይችላል። ኮምፒውተሩ ላይ የመጀመሪያውን መስመር ብቻ አይተው የሚናገሩ አሉ።

አሁን ወደ ዘይቱ። ይህ ነገር ያበሽቀኛል። የማግኑሰን-ሞስ የዋስትና ሕግ የሚባል የፌዴራል ሕግ አለ። የወጣው በ1975 ነው። ዋስትና የሰጠሽ አካል ዘይቱንና ማጣሪያውን በነፃ እስካልሰጠሽ ድረስ «እኔ ጋ ካልቀየርሽ ዋስትናሽ ይሰረዛል» ሊልሽ አይችልም። የሌላ ጋራዥ ሥራ ጉዳት አድርሷል ካለ ማሳየት ያለበት እሱ ነው። ደግሞ ነገሩን በአእምሮሽ አስቢው። ዋተር ፓምፕ ሥራው ማቀዝቀዣ ውሃውን ማዞር ነው። የሚያፈሰው «ሲል» የሚባለው ማሸጊያው ሲያረጅ ወይም ገላው ሲሰነጠቅ ነው። የሞተር ዘይት የት መቀየሩ ከዚያ ጋር ምን አገናኘው?

ቢሆንም የዘይት ደረሰኞችሽን ሰብስቢ። ቀኑና ማይሉ ያለበት ይሁን። ከጠፋብሽ ያ የሐበሻ ጋራዥ መዝገብ አለው፣ አስወጪው። «ዘይት አልቀየረችም» ማለትና «እኛ ጋ አልቀየረችም» ማለት ይለያያሉ። የመጀመሪያውን ከያዙ ሊያሸንፉሽ ይችላሉ።

እኔን የሚያሰጋኝ ሌላ ነገር ነው። «መብራቱ በርቶ እያየች ነድታዋለች፣ በራሷ ጥፋት ሞተሩን አቃጥላዋለች» እንዳይሉ። ሞተር በሙቀት ከተነዳ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ይጣመማል፣ ጓርኒሲዮኑ (ከሥሩ ያለው ማሸጊያ) ይበላል፣ ያኔ ወጪው በብዙ እጥፍ ነው። አንቺ ወዲያው ቆመሻል። ይህን የሚመሰክርልሽ የጎታቹ ደረሰኝ ነው። ሰዓቱና ቦታው ተጽፎበታል። እንዳትጥዪው።

እንዲህም በያቸው፦ «ዋስትናው የማይሸፍንበትን ምክንያት ከአንቀጹ ጋር በጽሑፍ ስጡኝ።» በአፍ ተሰርዟል የሚል ሰው በወረቀት ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ «እስቲ ማናጀሩን ላናግር» ይላል። «ፈትተን እንይ» ካሉሽም ተጠንቀቂ። ፋብሪካው እምቢ ካለ የመፍቻውን ዋጋ የምትከፍዪው አንቺ ነሽ። ስንት እንደሆነ በጽሑፍ ሳታዪ እሺ እንዳትዪ።

የሌሊት ሽፍት

ጋሼ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ። አገኘሁት። ገጽ 9 ላይ፣ ሞተር በሚለው ሥር፣ ዋተር ፓምፕ ተብሎ ተጽፏል። የዘይት ደረሰኝ አራት አለኝ። አንዱ ጠፍቶ ነበር፣ ጋራዡ አሁን በቴሌግራም ላከልኝ።

ዲሲ ሾፌር

የኔን ልንገራችሁ፣ ሌላ ሰው እንዳይደርስበት። እኔ ተሸንፌያለሁ።

ሰርቲፋይድ መኪና ገዝቼ ኡበር እሠራ ነበር። ካምቢዮው መንሸራተት ጀመረ። ዲለሩ ጋ ስወስዳት መስታወቱ ላይ ያለውን የኡበር ምልክት አዩ። ውሉን አውጥተው አንድ መስመር አሳዩኝ። መኪናዋ ለንግድ ማጓጓዣ ከዋለች ዋስትናው አይሠራም ይላል። ፊርማዬ ሥሩ አለ። ስገዛ «ለሥራ ነው የምፈልጋት» ብዬ ለሴልስማኑ ነግሬው ነበር። «ችግር የለም» ነው ያለኝ። የተናገረውን ማን ይመሰክራል? 4,300 ዶላር ከኪሴ ከፈልኩ።

ኡበር፣ ሊፍት ወይም ዕቃ ማድረስ የምትሠሩ፣ ከመግዛታችሁ በፊት ይህን አንቀጽ ፈልጉ። አንዳንዱ ውል ይከለክላል፣ አንዳንዱ ተጨማሪ ከፍላችሁ ይፈቅዳል። ደብቁ እያልኩ አይደለም። ጠይቁና መልሱን በኢሜይል ተቀበሉ።

አንድ ያተረፍኩት ነገር አለ። ስገዛ ብድሩ ውስጥ ተጨማሪ የሰርቪስ ውል አስገብተውብኝ ነበር። ለኔ ሥራ የማይሆን ከሆነ ለምን እከፍላለሁ ብዬ በጽሑፍ ሰረዝኩት። ያልተጠቀምኩበት ጊዜ ተሰልቶ 1,130 ዶላር ከብድሩ ላይ ተቀነሰልኝ። ብዙ ሰው መሰረዝ እንደሚቻል አያውቅም።

ሮክቪል ፓራሊጋል

ጠበቃ አይደለሁም። የጠበቃ ቢሮ ውስጥ ግን ይህን ዓይነት ፋይል በየሳምንቱ እከፍታለሁ። ለየሌሊት ሽፍት የምመክረው መንገድ ይህ ነው።

ዛሬውኑ የፋብሪካውን የደንበኞች መስመር ደውዪ። ቁጥሩ መጽሐፉ ጀርባ ላይ አለ። ኬዝ እንዲከፍቱልሽ ጠይቂና ቁጥሩን ጻፊ። ያናገርሽውን ሰው ስም፣ ቀኑንና ሰዓቱንም ጻፊ። ዲለሩ የፋብሪካው ሠራተኛ አይደለም፣ ራሱን የቻለ ነጋዴ ነው። ዋስትናው ይሸፍናል አይሸፍንም የሚለውን የመጨረሻ ቃል የሚሰጠው ፋብሪካው ነው። ይህን ስለማናውቅ ነው ካውንተር ላይ ቆመን የምንጨቃጨቀው።

ጎን ለጎን ለዲለሩ ጀነራል ማናጀር ኢሜይል ላኪ። አጭር ይሁን። ስድብ አይኑርበት፣ ታሪክም አይብዛበት። ቀኖቹንና ማይሉን ጻፊ። ከዚያ እንዲህ በዪ፦ «በዋስትናው መጽሐፍ ገጽ 9 መሠረት ዋተር ፓምፕ እስከ 7 ዓመት ወይም 100,000 ማይል የተሸፈነ ነው። አድቫይዘራችሁ ዘይት ሌላ ቦታ በመቀየሬ ዋስትናው ተሰርዟል ብሎኛል። ይህ በማግኑሰን-ሞስ ሕግ አይፈቀድም። የዘይት ደረሰኞቼን አያይዣለሁ። እስከሚቀጥለው ረቡዕ ድረስ ወይ በዋስትናው እንድትሠሩት፣ ወይ የምትከለክሉበትን ምክንያት በጽሑፍ እንድትሰጡኝ እጠይቃለሁ።» በቃ። ቀን መቁረጥሽን አትርሺ።

ስልክ መቅዳት የሚል ሐሳብ ከመጣልሽ አታድርጊው። ሜሪላንድ ውስጥ ሁሉም ተነጋጋሪ ሳይፈቅድ ንግግር መቅዳት ወንጀል ነው። ቨርጂኒያና ዲሲ ሌላ ነው፣ እዚያ ከተነጋጋሪዎቹ አንዱ ከፈቀደ ይበቃል። አንቺ ግን ሜሪላንድ ነሽ። ከስልኩ በኋላ «ዛሬ በስልክ እንደነገርከኝ...» ብለሽ ኢሜይል መጻፍ ይበልጣል።

በዚህ ካልተፈታ ለሜሪላንድ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ የሸማቾች ጥበቃ ክፍል አቤቱታ አስገቢ። በነፃ ያሸማግላሉ። ሞንጎመሪ ካውንቲ የምትኖሪ ከሆነ ካውንቲው የራሱ የሸማቾች ጥበቃ ቢሮ አለው። 311 ደውለሽ አማርኛ ተርጓሚ ጠይቂ። ከዚያ በኋላ የሚቀረው አነስተኛ የፍትሐ ብሔር ክስ ነው። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ እስከ 5,000 ዶላር፣ ዲሲ እስከ 10,000 ዶላር። ጠበቃ አያስፈልግሽም። ከዚያ በፊት ግን የግዢ ውልሽ ውስጥ የግልግል አንቀጽ (ክርክር በፍርድ ቤት ሳይሆን በገላጋይ ይታያል የሚል) እንዳለ እዪ። ብዙዎቹ ውሎች አነስተኛ ክስን አይከለክሉም፣ ሆኖም ማንበብ ይሻላል።

የጥገናውን ዋጋ በተመለከተም፣ ሜሪላንድ ውስጥ የጽሑፍ ግምት መጠየቅ መብትሽ ነው። ያለ ፈቃድሽ ከግምቱ 10 በመቶ በላይ መጨመር አይችሉም።

ቆራጡ

ክፍያ አቁሚ ያልኩትን አንስቻለሁ። ብድር ክፍል ትክክል ነው። ይህን ሁሉ እኔም አላውቅም ነበር።

የአሌክሳንድሪያ እናት

እኔ የባሰብኝ ነኝ መሰለኝ። የ2015 መኪና ገዛሁ፣ ቨርጂኒያ። «ሰርቲፋይድ፣ ሁሉም ተፈትሿል» ይል ነበር። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ካምቢዮው ተበላሸ። ወረቀቴን ሳይ የዲለሩ የራሱ ሰርቲፋይድ ነው። በያርስ ጋይዱም «አዝ ኢዝ» ላይ ነው ምልክቱ። ፈርሜያለሁ። ምንም የለኝም ማለት ነው?

ሮክቪል ፓራሊጋል

እህቴ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ያንቺ ከባድ ነው። ግን ባዶ አይደለም።

ሜሪላንድ ብትሆኚ ኖሮ እንደ ማይሏ ሌላ ሊሆን ይችል ነበር። እዚህ ዲለር መኪናን «አዝ ኢዝ» መሸጥ የሚችለው መኪናዋ ከ6 ዓመት በላይ ሲሆናትና ከ60,000 ማይል በላይ ስትነዳ ብቻ ነው። ሁለቱም መሟላት አለባቸው። ካልተሟሉ ምንም ብትፈርሚ ሕጉ የሚሰጠው ዋስትና ይኖርሻል፤ ማለትም መኪናዋ ለተለመደ አገልግሎት ብቁ መሆን አለባት። ዲሲም «አዝ ኢዝ» አይፈቅድም። ቨርጂኒያ ግን ይፈቅዳል።

ሁለት ነገር እዪ። አንደኛ፣ ዲለሩ በዚያው ቀን ወይም በ90 ቀን ውስጥ የራሱን የሰርቪስ ውል ሸጦልሽ ነበር? ከሸጠልሽ በማግኑሰን-ሞስ ሕግ መሠረት ያንን የሕግ ዋስትና ሊነፍግሽ አይችልም። ውሉ የሌላ ኩባንያ ከሆነና ዲለሩ አሻሻጭ ብቻ ከሆነ ግን ክርክር አለው። ሁለተኛ፣ «ሁሉም ተፈትሿል» የሚለው ማስታወቂያ ፎቶ አለሽ? የተፈተሸበትን ወረቀት ጠይቂያቸው። ካምቢዮው «ደህና» ተብሎ ተሞልቶ ከሆነና ያኔውኑ የተበላሸ እንደነበር መካኒክ ከመሰከረልሽ ነገሩ ከዋስትና ወጥቶ ወደ ማታለል ይሄዳል። «አዝ ኢዝ» ላይ መፈረም ለውሸት ሽፋን አይሆንም። ለቨርጂኒያ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ የሸማቾች ክፍልና ለቨርጂኒያ የመኪና ነጋዴዎች ቦርድ አመልክቺ። ቦርዱ የዲለሩን ፈቃድ የሚሰጠው ስለሆነ ደብዳቤው ይሰማል።

ጋራዥ 30 ዓመት

የአሌክሳንድሪያዋ፣ የሻንሲ ቁጥሩንም ኤን ኤች ቲ ኤስ ኤ የሚባለው የፌዴራል መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ አስገቢ። ያልተሠራ ሪኮል (ፋብሪካው ለደህንነት ጉድለት የጠራው ጥገና) ካላት ዋስትና ኖረሽም አልኖረሽም በነፃ ይሠራል፣ መኪናዋ ከ15 ዓመት ካልበለጠች። «ሰርቲፋይድ» ማለት ሪኮሉ ተሠርቷል ማለት እንዳይመስላችሁ። በ2016 የፌዴራል ንግድ ኮሚሽኑ ጀነራል ሞተርስንና ሁለት ትልልቅ የዲለር ድርጅቶችን በዚሁ ጉዳይ ከሶ ነበር። ሰርቲፋይድ ያሏቸውን መኪናዎች በጥብቅ ፈትሸናል እያሉ ሲያስተዋውቁ፣ አንዳንዶቹ ያልተሠራ ሪኮል እንዳለባቸው አልተናገሩም ተብለው ነው። ጉዳዩ በስምምነት አለቀ።

አዳምስ ሞርገን

ስለ ቋንቋ አንድ ነገር ልጨምር። ዲሲ የምትኖሩ እንግሊዝኛ አልችልም ብላችሁ አትቅሩ። ከ2004 ጀምሮ የዲሲ መንግሥት ቢሮዎች ተርጓሚ እንዲያቀርቡ የሚያስገድድ ሕግ አለ። ዋና ዋና ቅጾች ከሚተረጎሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። አባቴ 71 ዓመታቸው ነው። የሸማቾች አቤቱታቸውን በአማርኛ ተርጓሚ አስገብተው ጨርሰዋል። የሜሪላንድ ፍርድ ቤትም ለችሎት ተርጓሚ በነፃ ይሰጣል፣ ቀደም ብሎ መጠየቅ ብቻ ነው። ልጆቻችሁን አስተርጓሚ እያደረጋችሁ አትውሰዱ። ልጅ የሕግ ቃል አያውቅም፣ ሲፈራም ግማሹን ይተወዋል።

የሌሊት ሽፍት፣ ዓርብ ማታ

እዚህ ደርሻለሁ። ማክሰኞ ፋብሪካውን ደወልኩ፣ ኬዝ ከፈቱልኝ። ልጅቷ በሻንሲ ቁጥሩ አይታ «ፓወርትሬይንሽ በሥራ ላይ ነው» አለችኝ። ይህን በኢሜይል ላኪልኝ አልኳት፣ ላከችልኝ። ለዲለሩ ማናጀርም ጻፍኩ። ማናጀሩ ደወለና በጣም ትሁት ሆነ። ግን «መኪናዋ ብዙ ሞቃ ሊሆን ስለሚችል ሞተሩን መፍታት አለብን፣ 900 ዶላር» አለ። ልክ ጋሼ እንዳሉት! እምቢ አልኩ። 189ኙን ከፍዬ፣ ደረሰኙ ላይ «በተቃውሞ የተከፈለ» ብዬ በእጄ ጽፌ መኪናዋን አወጣሁ። ሌላ ዲለር፣ የዚያው ብራንድ፣ 20 ደቂቃ ራቅ ብሎ አለ። ነገ አስጎትቼ እወስዳታለሁ።

ጋራዥ 30 ዓመት

ጎበዝ። አዲሱ ዲለር ጋ ስትገቢ ስለ መጀመሪያው ዲለር ጠብ አታውሪ። «ዋተር ፓምፑ ያፈሳል፣ የኬዝ ቁጥሬ ይኸው፣ ገጽ 9 ይኸው» ብቻ በያቸው። ከመስጠትሽ በፊት መከለያውን ከፍተሽ ፓምፑ አካባቢ ፎቶ አንሺ። ፍሳሹ ደርቆ ቅርፊት ሠርቶ ከሆነ ቀስ በቀስ ሲያፈስ እንደቆየ ያሳያል።

የሌሊት ሽፍት፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ

ጨረስኩ። በስልክ ነው የምጽፈው፣ መኪናዬ ውስጥ ሆኜ፣ ከሥራ በፊት።

ሁለተኛው ዲለር ሰኞ ዕለት አያት። የፓምፑ ሲል ነው ያፈሰሰው። ሞተሩን በግፊት ፈትነው ቴስታታውም ጓርኒሲዮኑም ደህና መሆኑን በጽሑፍ ሰጡኝ። አንድም ነገር አልፈቱም። ፓምፑን በዋስትናው ቀየሩት። የከፈልኩት ዜሮ ነው። ስለ ዘይት ማንም አልጠየቀኝም።

የመጀመሪያው ዲለር 189ኙን አልመልስም አለ። ለካውንቲው ቢሮ አመለከትኩ፣ የሁለተኛውን ዲለር ወረቀት አያይዤ። በ8ኛው ቀን ቼክ ላኩልኝ። የመጎተቻውን 240 ዶላር ግን ማንም አልመለሰልኝም። የዋስትናው መጽሐፍ መጎተቻ የሚሸፍነው በመጀመሪያው 12 ወር ብቻ ነው ይላል። አነበብኩት፣ እውነት ነው። ተውኩት።

ጋሼ፣ ሮክቪል፣ የአርሊንግተኑ፣ ሁላችሁም፣ እናንተ ባትኖሩ ያን አርብ ዕለት ካርዴን አውጥቼ እከፍል ነበር።

የአሌክሳንድሪያ እናት

እንኳን ደስ ያለሽ እህቴ፣ ደስታሽ ደስታዬ ነው። እኔ የሰርቪስ ውል የሚመስል ወረቀት አገኘሁ፣ ቀኑ የገዛሁበት ቀን ነው። ግን 14 ገጽ ነው፣ ውሉ የዲለሩ ይሁን የሌላ ኩባንያ መለየት አቃተኝ። ብቻዬን ሳነበው ይጨልምብኛል።

የሌሊት ሽፍት

ሐሙስ ከሰዓት እረፍት ነኝ። በውስጥ መስመር ጻፊልኝ። ወረቀቱን ሙሉውን ይዘሽ ነይ፣ በያርስ ጋይዱንም። ቡና አፈላለሁ፣ ቁጭ ብለን ገጽ በገጽ እናነበዋለን።